ስንት ወሰድሽ?

«እማ፣ እየመጡ ነው» አለ አበረ በሩ ላይ ቆሞ።

ሸጌ ቀና አላለችም። አዲስ ምጣድ እሳት ላይ ጥዳ በተወቀጠ ኑግ እያሟሸች ነበር። ማሟሸት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ኑጉን መጠጣት አለበት። በቅጡ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ እንጀራ የያዘባት ገዢ ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ ይፋግ ድረስ ተሸክማው መጥታ ሰው ፊት ታዋርዳታለች።

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«እነ አያ ስማቸው። ማናዬን ታቅፈዋታል።» ልጁ እንደገና ወደ መንገዱ አየ። «አያ በላቸውም አሉ። ዱላ ይዘዋል።»

የሸጌ እጅ ምጣዱ ላይ ቆመ።

ማናዬ የጎረቤቶቿ የስማቸውና የእናኑ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ጠዋት ከብት ሲወጣ እዚሁ ቤት ነበረች። እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጣ ሁለት ከረሜላ በልታ፣ እየዘለለች ሄዳለች። አሁን ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ልጅቱ በእግሯ ሳይሆን በአባቷ ክንድ ላይ ሆና ትመጣለች። ምን ሊሏት እንደሚመጡ ሸጌ አወቀችው። ባሏ አንለይ ቤት የለም፤ የቀጠቀጠውን ማረሻና ማጭድ ይዞ ወረታ ገበያ ወርዷል። ከጀንበር መጥለቅ በፊት አይመለስም።

ነገሩንም ያመጣው ይኸው አንለይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ፣ የኋላ መዝጊያው የተሰበረበት ጭነት መኪና አግኝቶ ብረቱን ቀጥቅጦ ገጠመለት። ሹፌሩ ደስ ብሎት ከዋጋው በላይ አንድ ጣሳ ሙሉ ከረሜላ መረቀለት። በዚህ መንደር ከረሜላ ማለት ለጥምቀት አንድ ፍሬ ተገዝቶ ለሦስት ልጅ በጥርስ የሚከፋፈል ነገር ነው። ሌላ እናት ብትሆን ጣሳውን ቆጥ ላይ ሰቅላ ልጆቿን በወር አንዴ ታሸትታቸው ነበር። ሸጌ ግን ራሷ በሠራችው ዝርግ የሸክላ ሳህን ላይ ዘረገፈችውና ትንሿ ልጇ እንኳ የምትደርስበት መደብ ላይ አስቀመጠችው።

«አብደሻል?» አላት አንለይ። «ዛሬውኑ ሙልጭ ያደርጉታል።»

«ያድርጉታ። ሲያሰኛቸው ይውሰዱ፣ ሲበቃቸው ይተዉ። እኔ የምፈልገው ስንት እንደወሰዱ እንዲነግሩኝ ብቻ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ለባሏም ነግራው አታውቅም። ልጅ ሳለች እናቷ የደበቀችውን ማር ሰርቃ ላሰች፤ ስትጠየቅ «አልነካሁም» ብላ ካደች፤ በእሷ ፋንታ ታናሽ ወንድሟ ካሴ ተገረፈ። ካሴ በዚያው ክረምት ሞተ። የገደለው ንዳድ ነው እንጂ ግርፋቱ አይደለም። ቢሆንም እውነቱን የምትነግርበት ቀን በዚያው አመለጣት፤ ይኸው እስከ ዛሬ የማር ሽታ ደረቷን ይከብዳታል።

በመጀመሪያው ቀን አበረና እህቱ ሆዳቸውን እስኪቆርጣቸው በሉ። በሁለተኛው ቀን ቀነሱ። ሳምንት ሳይሞላ በሳህኑ አጠገብ አልፈው ወደ ጨዋታቸው ይሮጡ ጀመር፤ ሲያምራቸው ብቅ ይሉና «አንድ»፣ «ሁለት» ብለው ይሄዳሉ። መጀመሪያ አብደሻል ያላት አንለይ፣ በኋላ የሚስቱን ብልሃት የራሱ አስመስሎ ለሰው ያወራ ነበር።

ማናዬ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሁለት እጇን ከኋላዋ ደብቃ ሳህኑን ትክ ብላ አየችው።

«እኔም ልውሰድ?»

«ውሰጂ» አለቻት ሸጌ።

ልጅቱ አንድ አንስታ ቶሎ ጉያዋ ወሸቀች።

«ስንት ወሰድሽ?»

አለንጋ የተነሣባት ያህል ደነገጠች። «አልወሰድኩም።»

አበረና እህቱ ሳቁ። ሸጌ አልሳቀችም። «ብዛቱን ነው የጠየቅኩሽ። ልቀማሽ አይዶለም።»

«አንድ» አለች ማናዬ፣ እየፈራች።

«ደግ። ብይ እንግዲህ።»

ልጅቱ ስትበላ ሸጌ ፊቷን ወደ ሥራዋ አዞረች። ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ ሸክላ ሠሪ የገበሬ ልጅ ሲበላ አፉን አታይም። በዚህ አገር ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል ይባላል። ሰዉ ዓይኗን ይፈራል፤ እሷ ደግሞ የሰዉን ፍርሃት ትፈራለች። ቢሆንም ማናዬ በማግስቱ መጣች፣ በሳልስቱም መጣች፤ ቆይታ ሳትጠየቅ ቁጥሩን መናገር ለመደች።

እናኑን ማስፈቀድ ነበረባት። ጥፋቷ ይህ ነው፤ ሸጌም ታውቀዋለች። ያላስፈቀደችው ብትጠይቃት እንደማትፈቅድላት ስለምታውቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወባው የፎገራን ሜዳ ሲያራግፈው እናኑ ሁለት ወንዶች ልጆቿን በአንድ ሳምንት ቀብራለች። የቀረቻት ማናዬ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ ጣፋጭ ሁሉ ወስፋት ይጠራል፣ ወስፋት ደግሞ ልጅ ይጨርሳል እያለች ማሩንም ሸንኮራውንም ከልጅቱ ትሸሽጋለች። ሁለት ልጅ በቀበረች ሴት ማን ይፈርዳል?

ሸጌ ምጣዱን ከእሳት አወረደችና ተነሣች። «እህትህን ይዘህ ጓዳ ግባ» አለችው አበረን።

ስማቸው ልጁን ደጃፉ ላይ አስተኛት። ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ማናዬ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ተኮራመተች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እናኑ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ታለቅሳለች። የስማቸው ታላቅ ወንድም በላቸው ከሁሉም ፊት ቆሟል። በመንደሩ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቆም ሰው ነው፤ ሲበርድ ግን አይገኝም።

«ምን አበላሻት?» አለ።

«ከረሜላ ነው፣ አያ በላቸው። የኔም ልጆች በልተዋል።»

«ያንቺማ ልጆች ምን ይሆናሉ።» ወደ ማናዬ ጎንበስ አለ። «ምን በላሽ? ተናገሪ ልጄ።»

«ከረሜላ።»

«የማን ቤት?»

«እትዬ ሸጌ ቤት።»

በላቸው ቀና አለ። «ሰምታችኋል። በይ አሁን እንትፍ በይባትና ልቀቂያት። ሌላ ነገር አንፈልግም።»

ሸጌ የበሩን መቃን ያዘች። እንትፍ ማለት ቀላል ይመስላል፤ ምራቅ ነው። ነገር ግን በታመመ ሰው ላይ እንትፍ ያለች ሴት፣ የበላሁት እኔ ነኝ ብላ እንዳመነች ይቆጠራል። አክስቷ ከጉማራ ወንዝ ማዶ እንዲህ ተለምና እንትፍ ብላ ነበር። የታመመው ልጅ ዳነ። ልጁ ስለዳነ ቤቷን አቃጠሉባት። እንትፍ ባትልና ልጁ ቢሞት ኖሮም ቤቱ ከመቃጠል አይድንም ነበር።

«እኔ ልጅቱን ምንም አላደረግኋትም።»

«እንትፍ በይ ነው ያልኩሽ።» ዱላውን ከትከሻው አወረደ።

ያን ጊዜ እናኑ መጥታ እግሯ ሥር ተደፋች። «ሸጌ፣ በማርያም ይዤሻለሁ። አንድ እሷ ናት የቀረችኝ። ያሻሽን ውሰጂ፣ እሷን ተይልኝ።»

ይህ ከዱላው ይበልጥ አስፈራት። ዱላ የያዘ ሰው በልቡ ይጠራጠር ይሆናል፤ እግር ላይ የወደቀች እናት ግን አምናለች። ሸጌ እንትፍ ብላ መገላገል አማራት። ከንፈሯን ከፈተች፤ አፏ ደርቆ ምራቅ አጣች።

ማናዬ አቃሰተች፣ ተወራጨችና አስመለሳት። የወጣው ነገር ጥቁር ነው፤ እንደ ጭቃ የወፈረ።

«ደሟ ነው» አለ በላቸው ወደ ኋላ እየሸሸ። «ጠቁሮ ወጣ።»

እናኑ ፊቷን ቧጠጠች። ሸጌን ግን ሽታው ሳባት። ኑግ ኑግ ይላል። መጀመሪያ የራሷ እጅ መሰላት፤ እስካሁን ኑግ ስታሽ ነበር። እጇን በአመድና በውሃ ታጠበች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ ተመልሳ ጎንበስ አለች። አሁንም ኑግ ነው። ከኑጉ ጋር ማር አለ፤ ከማሩ ጋር ደግሞ የማታውቀው ሌላ ነገር አለ።

«እናኑ፣ ኑግ በማር ለውሰሽ ነበር?»

«የምን ኑግ? ልጄ ጣፋጭ አትቀምስም። ካንቺ ቤት በቀር ከየት አግኝታ?»

«ነገር አታዙሪብን» አለ በላቸው።

«ይተዋት፣ አያ። ትጠይቃት» አለ ስማቸው። ከመጣ ጀምሮ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሸጌ መሬት ላይ ተንበረከከች። 

«ማናዬ፣ ስንት ወሰድሽ?»

«ሁለት።»

«እሱ የኔ ቤቱ ነው። ጥቁሩን ነው የምጠይቅሽ። ስንት ወሰድሽ?»

 ልጅቱ አሻግራ እናቷን አየች። ሸጌ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ካሴ ሲገረፍ እሷም ግድግዳ ተደግፋ እናቷን ያየችው እንዲሁ ነበር።

«እናኑ፣ አልመታሽም በያት።»

«እኔ ምን አልኳት?»

«በያት ብቻ። ስለ እግዜር።»

እናኑ በጉልበቷ ወደ ልጇ ተጠጋች። «አልመታሽም» አለች። ከዚያ ደገመችው። «በሞቱት ወንድሞችሽ፣ አልመታሽም።»

«አራት» አለች ማናዬ።

«አራት ምን?»

«ድብልብሉን። ቆጥ ላይ ያለውን። ሙቀጫውን ገልብጬ ወጣሁበት።»

እናኑ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «መተሬው» አለች። «ያባቷ መተሬ።»

መተሬ ለኮሶ ትል የሚዋጥ መራራ መድኃኒት ነው። ፍሬው ይወቀጥና በኑግ ተለውሶ ይድቦለቦላል። ስማቸው እንኳን መድኃኒት ጌሾ የበዛበት ጠላም አይወድምና፣ እናኑ አዝናለት ማር ጨምራበታለች። ነገ በባዶ ሆዱ ስድስቱን ሊውጥ ነበር፤ ለአንድ ጎልማሳ ስድስት። ልጅ እንዳያገኘው ብላም ዘወትር ማሩን ከምትሸሽግበት ቦታ አስቀመጠችው። ያ ቦታ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ማናዬ ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ነው።

«አራቱንም በላሻቸው?» አለች ሸጌ።

«ሦስት። አንዱን ለአበረ ሰጠሁት። እኔ የነሱን እበላ የለ።»

ሸጌ እስከዚህች ቅጽበት የፈራች ይመስላት ነበር። ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቀችው አሁን ነው። «አበረ» ብላ ስትጣራ ድምጿን ራሷ አላወቀችውም።

ልጁ ከጓዳ ወጣ። በእግሩ ቆሟል። ፊቱን፣ ከንፈሩን፣ ሆዱን አየች።

«ስንት ወሰድክ?»

«አንድ» አለ አበረ። «አንቺ አፈር ልትቆፍሪ ስትሄጂ ተመልሳ መጣች። ነከስ አደረግኩት፣ መረረኝ፣ ተፋሁት።»

«አልዋጥክም?»

«አልዋጥኩም። ከቤቱ ጓሮ ጣልኩት።» መሬት ላይ የተኛችውን ማናዬን አየ። «እሷንም መራራ ነው ተፊው ብያት ነበር። ሰው ሳይመጣ ብላ ቶሎ ቶሎ ዋጠችው።»

ሸጌ ወደ ጓሮ ሮጠች። ጥቁሩ ድብልብል አመድ መድፊያው ላይ ወድቋል፤ ጥርስ አንዴ ብቻ አርፎበታል። አንስታ ይዛው መጣችና ለእናኑ በመዳፏ ላይ አሳየቻት። እናኑ ድብልብሉን አየች፣ አበረን አየች፣ ልጇን አየች። 

ስማቸው ልጁን አነሣት። «ወረታ ሐኪም ቤት ድሬሰሩ ዘንድ እወስዳታለሁ።»

«ውሃ ያጠጧት በመንገድ» አለችው ሸጌ፣ ለብ ያለ ውሃ በቅል ሞልታ። «ካስመለሳት ያስመልሳት፣ አይከልክሏት።»

ቅሉን ከእጇ ለመቀበል ጥቂት አመነታ። ከዚያ ተቀበላትና በርብ ወንዝ በኩል በሚያቋርጠው መንገድ ግማሽ እየሮጠ ሄደ። እናኑ ተከተለችው። በላቸው ዱላውን ወደ ትከሻው መለሰና እሱም ሄደ።

ከዓይኗ ሲሰወሩ ሸጌ ከረሜላውን ከሳህኑ ወደ ጣሳው መለሰች። ጣሳውን ከቆጡ ሰቀለችው።

«ለምን ሰቀልሽው?» አለ አበረ።

«ዝም በል።»

«ማናዬ ትሞታለች?»

«ዝም በል አልኩህ እኮ።»

አንለይ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። «እቃችንን እንሸክፍና ዋንዛዬ ያለችው እህቴ ዘንድ እንሂድ» አለችው። «ልጅቱ ከሞተች መተሬ ነው የሚል አይገኝም።»

አንለይ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አሁን ብንሄድ ሸሹ ይሉናል። የሸሸ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነው።»

«ብንቀመጥስ?»

«ብንቀመጥ፣ እዚሁ አለን።»

እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ግን እንቅልፍ አልሰጣትም። ሦስት ቀን ሙሉ ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተነሣች ልጆቿን አየች። ሸክላ አልሠራችም። በአራተኛው ቀን ስማቸው አህያ እየነዳ ሲመለስ ከሩቅ ታየ፤ አህያው ላይ ማናዬ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሸጌ ጓዳ ገብታ፣ ድምጿ እንዳይሰማ የቀሚሷን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች።

ልጅቱ ዳነች ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በላቸው ሰንበቴ ላይ «ስንለምናት ለቀቀቻት» ብሎ ማውራቱን አበረ ከልጆች ሰምቶ መጣ። ይፋግ ገበያም ሁለት ሴቶች ምጣዷን አንስተው ካዩ በኋላ፣ አንዷ የሌላዋን ክንድ ጎተት አድርጋ ይዛት ሄደች።

በሳምንቱ ሸጌ የእንስራ አንገት እያወጣች ሳለ ደጃፉ ጥላ አጠላበት። ማናዬ ናት። ክንዷ ከስቷል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ሁለት እጇን ከኋላዋ ደብቃ መደቡን አየች። ሳህኑ ባዶ ነው።

«እናትሽ ታውቃለች?» አለቻት ሸጌ።

«እዚያ ናት።»

ከታጨደው የኑግ ማሳ ማዶ እናኑ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባለች። አትጠጋም፤ ልጇን ተመለሽም አትልም።

«ምን አለችሽ?»

«ወዴት ነው አለችኝ። እትዬ ሸጌ ቤት አልኳት። ከዚያ ዝም ብላ ተከተለችኝ።»

አልቋል ማለት ቀላል ነበር። ጣሳው ቆጥ ላይ ነው፣ ማንም አያየውም፤ ልጅቱም አምና ትመለሳለች። ሸጌ «አ» ብላ ጀመረችና ተወችው። ማናዬ ዓይኗን ወደ ቆጡ አንስታ ነበር። የተሸሸገ ነገር የት እንደሚቀመጥ ለዚች ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ሸጌ ተነሥታ ጣሳውን አወረደች። የቀረውን ከረሜላ ሳህኑ ላይ ዘረገፈችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማናዬ ብዙ አሰበች። አንዱን አነሣች፣ መለሰችው፣ ሌላ ቀለም መረጠች። «አንድ» አለች።

«ደግ።»

እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ እንስራው አዞረች። ከኋላዋ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«እትዬ ሸጌ።»

«ወዬ።»

«ስበላ ለምን አታይኝም?»

የሸጌ ጣቶች ጭቃው ውስጥ ቆሙ። መልሱ ፍርሃት ነው፣ ከእናቷ የወረሰችው፣ ነገ ደግሞ ለአበረና ለእህቱ የምታወርሰው። ዞራ ብታይ እናኑ ከማሳው ማዶ ታያታለች። እናኑ ካየች በላቸው ይሰማል። 

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዞረች። ከማናዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ አፏን አየች፤ ከረሜላው አልቆ ልጅቱ ባዶ ምላሷን አውጥታ እስክታሳያት ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።